የኡለሪ አቀበትና የጎሬፓኒ ጫካ፦ አቅሜን በምን ልለካ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በሚያዝያ ኔፓል ሄጄ ከቲክሄዱንጋ በኡለሪ፣ በጎሬፓኒና በታዳፓኒ አድርጌ ወደ ጋንድሩክ ለመውረድ አስቤአለሁ። ዕድሜዬ 51 ነው። የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ፤ ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሳልቸገር እራመዳለሁ። ይበቃኛል? ራሴን አስቀድሜ በምን ልፈትን?

መልስ 1
የሜዳ እርምጃ ለዚህ መንገድ መለኪያ አይሆንም። ከቲክሄዱንጋ (1,540 ሜትር ገደማ) እስከ ኡለሪ (2,000 ገደማ) ከ3,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ አለ። ጎሬፓኒ 2,860 ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን ልድረስ ካሉ 1,300 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለብዎት።

እርከኑ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረጃ ይፈልጉ፤ 60 እርከን 10 ሜትር ያህል ይሆናል። 7 ኪሎ ተሸክመው 30 ጊዜ ይውጡ፣ ይውረዱ። በአንድ ሰዓት ተኩል ከጨረሱና እየወጡም ንግግር ሳይቆራረጥብዎት ማውራት ከቻሉ ትንፋሽዎ ደህና ነው። ጉልበትዎን ግን በማግስቱ ነው የሚያውቁት፦ ጠዋት ደረጃ ሲወርዱ ጭንዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጉልበትዎ ሎሚ ሥር ከወጋዎት ገና ነዎት። ካልሆነ በዚያው ቀን ፈተናውን ይድገሙት፤ ጉዞው በተከታታይ ቀናት ነውና።

ለልምምድ ስምንት ሳምንት ይያዙ። በ3 ኪሎ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ከአንድ እርከን ላይ በአንድ እግር ቆመው ሌላውን በሦስት ሰከንድ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ማውረድ፣ በየእግሩ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጭንን ለቁልቁለት የሚያዘጋጀው ይህ ነው።

መልስ 2
ስለ ግፊቱ፦ የኪኒንዎን ዓይነት ይወቁ። የልብ ምትን የሚያዘገይ ከሆነ (አቴኖሎል፣ ቢሶፕሮሎል) የምት ቆጣሪ ሰዓት ያታልልዎታል፤ በትንፋሽዎ ይመሩ። ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ላብ ሲጨመርበት ውሃ ያሳጥዎታል፤ ሲነሡ ያዞራል። ደረጃ ሲወጡ ደረት የሚያፍን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ልምምዱን ራሱ አይጀምሩ፤ መጀመሪያ የልብ ምርመራ። ግፊቱ ገና ካልተረጋጋም እንዲሁ።

መልስ 3
ሰው ሁሉ አቀበቱን ይፈራል፤ እኔ ግን አደጋውን የምሰጋው ከጎሬፓኒ ወደ ታዳፓኒና ጋንድሩክ ባለው ቁልቁለት ነው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ድንጋዩ ፀሐይ አያገኝም፤ የድንጋይ ሽበት የያዘ እርጥብ ደረጃ ደግሞ ከበረዶ አይሻልም። ሁለት ምርኩዝ ይያዙ፤ ሲወርዱ ያስረዝሟቸው፣ ዳገት ላይ ያሳጥሯቸው። ሙሉ ጫማውን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉ፤ በተረከዝ ብቻ የረገጠ ነው የሚንሸራተት። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና የበረዶ ውሽንፍር የተለመደ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥተው እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ማረፊያ ይግቡ።

የጭነት በቅሎዎች ሲመጡ በተራራው በኩል ይጠጉ። በገደሉ በኩል ከቆሙ ጭነቱ ገፍቶ ይጥልዎታል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ጂፕ ኡለሪ ድረስ ይሄዳል ይባላል። ደረጃውን በመኪና ብዘለውስ?

መልስ 1
ጉልበትዎ ይተርፋል፤ ግን ከፖክሃራ (820 ሜትር ገደማ) ተነሥተው በዚያው ቀን ጎሬፓኒ አይደሩ። ኡለሪ ወይም ከኡለሪ ወደ ጎሬፓኒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ባንታንቲ ይደሩ። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል፤ ብርቱ ወጣትም አይቀርለትም። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ካልተለመደ ድካም ጋር ከመጣ ወደ ላይ መሄድ የለም። ዕረፍት ካላሻለው ይውረዱ። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር መሄድ ያቃተው ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ከሰው ጋር ይውረድ።

ከጎሬፓኒ በላይ ያለውን የፑን ሂል ኮረብታ (3,210 ሜትር) ለንጋት የሚወጡት በጨለማ ነው፤ የግንባር መብራት ከትርፍ ባትሪ ጋር ይያዙ።

መልስ 3
አንድ ነገር ልጨምር፦ የጉዞ መድንዎ የሄሊኮፕተር ማዳንን እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ያንብቡ፤ ቁጥሩ ከ3,210 በታች ከሆነ ይቀይሩት። የግፊት ኪኒኑን ደግሞ ግማሹን በእጅ ቦርሳ፣ ግማሹን በሸክሙ ውስጥ ያድርጉ።