ሆርሞኔ ጤናማ ነው ከተባለ አገጬ ላይ የሚበቅለው ፀጉር ከየት መጣ?

በሠላሳዎቹ አጋማሽ የምገኝ ሴት ስሆን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገጬና በላይኛው ከንፈሬ ላይ የወንድ ጢም የመሰለ ጥቁርና ወፍራም ፀጉር እየበቀለ ነው። የወር አበባዬ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል፤ በደሜ ውስጥ ያለው የቴስቶስቴሮን መጠን ለሴት ከሚጠበቀው ወሰን አልወጣም፤ በአልትራሳውንድም ኦቫሪዬ ላይ የታየ ችግር የለም። መላጨት ፀጉርን ያወፍራል የሚባለው እውነት ባይሆንም ቶሎ ስለሚያቆጠቁጥ ትቼው በሰም ማስነሣት ጀምሬአለሁ፤ እሱም ቢሆን የሚያቆየኝ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

እንዳነበብኩት ወንድና ሴት ያላቸው የፀጉር ሥር ብዛት ተቀራራቢ ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ከጉርምስና ጀምሮ አንድሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች (ቴስቶስቴሮን አንዱ ነው) ስሱንና ለስላሳውን ፀጉር ወደ ወፍራምና ጥቁር ፀጉር መለወጣቸው ነው። ሐኪሙ «አንዳንድ ሴቶች ተፈጥሯቸው እንዲህ ነው» ብለው አለፉት፤ ይህ ግን (መልስ ከተባለ) አላረካኝም፤ ምክንያቱም ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሳይበዛም፣ የፀጉሩ ሥር ራሱ ቴስቶስቴሮንን ወደ ኃይለኛው ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን አብዝቶ በመለወጡ ተመሳሳይ ውጤት ሊከተል ይችላል። ታዲያ ሌዘር ወይም ኤሌክትሮሊሲስ (የፀጉሩን ሥር በኤሌክትሪክ ማጥፋት) ከመጀመሬ በፊት ነጻ ቴስቶስቴሮንን (በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀውን) እና 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮንን (የአድሬናል ዕጢ ችግርን ለመለየት የሚለካ ሆርሞን) መለካት ያስፈልገኛል ወይስ በእጄ ያሉት ውጤቶች ሕክምና ለመምረጥ ይበቃሉ?