ቀን ያልተጻፈበት ፕሌይቦይ ፎርጅድ ነው?

ጠያቂ (ሰበታ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ከአንድ ቤት ቆርቆሮ ሥር የድሮ ፕሌይቦይ (የአሜሪካ የወንዶች መጽሔት) የሞላ ካርቶን ወጥቷል። አንዱ ሽፋን ላይ ማሪሊን ሞንሮ እጇን አንስታለች፤ ወርና ዓመት ግን የለውም። ሊገዛ የመጣው ሰው «ቀን የሌለው ፎርጅድ ነው» ብሎ ዋጋውን ጣለው። የ1955ቱ (በፈረንጅ) ስብስብ ደግሞ የማርቹ ጎድሎ 11 ብቻ ነው። ስቴፕሉም ዝጓል። ምን ይሻላል?

ከለገጣፎ፦
ወንድሜ፣ በዚህ ምክንያት ዋጋ እንዳትቀንስ። ሞንሮ ያለችበት የመጽሔቱ የመጀመሪያ እትም ነው፤ ዋናውም ቀን የለውም። መሥራቹ ሂዩ ሄፍነር በዲሴምበር 1953 ቺካጎ ላይ ሲያሳትመው ሁለተኛ እትም ለማውጣቱ እርግጠኛ አልነበረም፤ ቀን ካልተጻፈበት ደግሞ እስኪሸጥ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ካሰባሰበው 8,000 ዶላር 1,000ውን የሰጠችው እናቱ ናት። ስሙ «ስታግ ፓርቲ» ሊሆን ነበር፤ ስታግ የሚባል መጽሔት ስለተቃወመ ተቀየረ። ውስጡ ያለው የሞንሮ እርቃን ፎቶም ለመጽሔቱ ተብሎ የተነሳ አይደለም። ፎቶ አንሺው ቶም ኬሊ በ1949 ያነሳው፣ ካላንደር ላይ የወጣ ነው፤ ሄፍነር መብቱን በ500 ዶላር ገዛው። ከ50,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ማርች 1955 ጭራሽ አልታተመም። 11 ካለህ ሙሉ ነው።

ከሱሉልታ፦
ልክ ነው፤ ግን ቀን አለመኖሩ ብቻውን ዋናነቱን አያረጋግጥም፣ በኋላ የታተሙት ቅጂዎችም ሽፋኑን እንዳለ ይዘውታል። ሽፋኑ ላይ 50 ሳንቲም የሚል ዋጋ ፈልግ። ገጹን ቁጠር፣ ከነሽፋኑ 44 ነው። ከዚያ ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር እይ፦ የዋናው ፊደል ጠርዙ ጥርት ያለ ጥቁር ነው፤ በስካነር የተባዛው ግን ደቃቅ ነጠብጣብ ይበዛበታል። ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ አብራበት። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ካበራ ተጠራጠር፣ ማንጫ ኬሚካል ያለበት የኋላ ዘመን ወረቀት ሊሆን ይችላል። የስቴፕሉ ዝገት ወደ ገጾቹ መግባቱም ጥሩ ምልክት ነው።

ከቡራዩ፦
ለመሸጥ ከሆነ ስቴፕሉን አትንካው፤ የተቀየረ ስቴፕል ዋጋ ያወርዳል። ዝገቱ ወረቀቱን እየበላው ከሆነ ብቻ መሃለኛውን ገጽ ከፍተህ፣ ከእግሩ ሥር ቀጭን የፕላስቲክ ካርድ አስገብተህ፣ በደነዘዘ ቢላ ቀስ ብለህ አቃናውና በጀርባ በኩል ሳበው። የቢሮ ስቴፕል መንቀያ ወረቀቱን ይዘነጥለዋል። በዚያው ቀዳዳ በጥጥ ክር ስፋው። የተቀደደውን በስኮች እንዳትለጥፍ፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት ከቆርቆሮ ሥር አውርደው። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ጠብ ይላል፤ ያዛገውም ይህ ነው። ፌስታል ውስጥ አስረህ ብታስቀምጠው ደግሞ ይሻግታል። አጋድመህ፣ ከመሬትም ከግድግዳም አርቀህ አስቀምጠው፤ ምስጥ በግድግዳ ነው የሚወጣው።