የወሰን ዐውደ ርዕይ ራሱ በወሰን ይከፈል? (ክርክር)

ጥያቄው፦ ደሴ ላይ 12 ሰዓሊዎች «ወሰን» በሚል ጭብጥ 36 ሥራ በጋራ ሊያሳዩ አስበዋል። ገሚሶቹ አዳራሹ የእምነት፣ የመሬትና የአስተዳደር ተብሎ በሦስት ይከፈል ይላሉ፤ የቀሩት ተደባልቆ ይሰቀል ባይ ናቸው። እናንተስ? (መላሾቹ የተጠሩት በሰፈራቸው ወይም በከተማቸው ነው፤ ሆጤና ቧንቧ ውሃ የደሴ ሰፈሮች ናቸው።)

የሆጤው፦ ይከፈል። ዘይት ቀለም፣ ብራና፣ ፎቶና ሽመና ጎን ለጎን ሲሰቀል ጎብኚው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋበታል። ከተከፈለ በየክፍሉ መግቢያ አንድ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። ካልተከፈለ ግን ለ36ቱም ማብራሪያ ልትጽፉ ነው፤ ማን ያነበዋል?

የቧንቧ ውሃዋ፦ ወንድሜ፣ ሃይቅ እስጢፋኖስን የሳለውን ሰው የት ታስገባዋለህ? ገዳሙ ሴት አያስገባም። የእምነት ወሰን ነው ወይስ የወንድና የሴት? ለእይታ የሚቀርብ የመሬት ይዞታ ደብተርም እንደዚያው ነው፤ በአራቱ አቅጣጫ አዋሳኝ ይጻፍበታል፣ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍርበታል። «የመሬት» ብለህ ከለጠፍክበት ሚስትየዋን ማን ያያታል? መደብ አውጪው የሰዓሊውን ድንበር ገፋ ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ከሐሳቡ በፊት ልኬቱን እዩ። 14 በ9 ሜትር አዳራሽ ዙሪያው 46 ሜትር ነው። በርና መስኮት 14 ቢወስድ 32 ይቀራል። አንድ ሥራ በአማካይ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ክፍተቱ 50 ቢሆን ግድግዳው 22 ሥራ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ተከፈለም ተደባለቀም ለቀሩት 14 ሥራዎች ሰሌዳ መቆሙ አይቀርም። በሁለት ፊት ከተሰቀለ 7 ይበቃል፤ ጥንድ ጥንድ ስለሚቆም 8 ሥሩ። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ፣ 1.22 በ2.44፣ ዙሪያው በሞራሌ የታሰረ። ሁለት ሁለቱን በማጠፊያ አያይዛችሁ በ90 ዲግሪ አቁሙ። ቀጥ ብሎ ብቻውን የቆመ ሰሌዳ ልጅ ሲደገፈው ይወድቃል፤ በአንድ ፊቱ ብቻ ከባድ ሥራ ከተሰቀለበትም ማንም ሳይነካው ያዘነብላል። እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጣሉ። መተላለፊያው ከ1.5 ሜትር አይነስ፣ ተሽከርካሪ ወንበር መዞር አለበት። የሥራው መሀል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለት መንጠቆ። በአንድ መንጠቆ የተሰቀለ ሥራ፣ በር በተገጨ ቁጥር ይጣመማል።

የሆጤው፦ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ቢሆንስ?

ከኮምቦልቻ፦ ቅርስ ላይ ምስማር አይመታም። ሁሉም በሰሌዳ ይሆናል፤ 8 ያልኩት ሰሌዳ 18 ይደርሳል። በጀት ካላችሁ አብሽሩ።

ከሃይቅ፦ ሁላችሁም የረሳችሁት ብርሃን ነው። ብራናና የውሃ ቀለም ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ አይወዱም፤ ዘይት ቀለም 200 ድረስ ይችላል። የሚከፈል ካለ በጭብጥ ሳይሆን በዚህ ይከፈል። ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ተዉት። የደሴ ጭጋግ ቤት ድረስ ይገባል፤ ብራና ይጨማደዳል፣ ሸራ ይረግባል። ከክረምት ውጭም ቢሆን በፍሬሙ ጀርባ አራት ማዕዘን ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ቡሽ ለጥፉ፣ አየር ይለፍ።

ከወልድያ፦ ጠቡ ግን «የአስተዳደር» በሚባለው ውስጥ ነው፣ ካርታ መግባቱ አይቀርምና። የ1881ዱ የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል ነው። አንቀጽ 3 ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን ለጣልያን ትቶ ከአዲ ዮሐንስ ወዲያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ተራራና ገደል የማያውቅ መስመር! ለሰዓሊ ከዚህ የበለጠ ጉዳይ የት ይገኛል? እሱን ሣሉ። የዛሬውን ካርታ ግን ያለ ዓመት፣ ያለ ምንጭና ያለ መለኪያ አትስቀሉ። ራያ ያለበት ካርታ እንዲሁ ከተሰቀለ በመክፈቻው ቀን ስለ ሥዕል የሚያወራ አይኖርም።

የቧንቧ ውሃዋ፦ በብርሃን መከፈሉን እቀበላለሁ። ብራናው ግን አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ደብዛዛው ጥግ ዞሮ «የእምነት ክፍል» ይሆናል፣ ያውም የአንድ እምነት።

ከሃይቅ፦ በጀማ ንጉሥ የሚከበረውን መውሊድ በውሃ ቀለም የሠራ ካለ እዚያው ጥግ ይግባ፤ የይዞታ ደብተሩም ወረቀት ስለሆነ እዚያው። ሦስቱም 50 ሉክስ ናቸው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዱ፣ መብራቱን በ30 ዲግሪ አዘንብሉ፤ ካልሆነ መስታወቱ የጎብኚውን ፊት ነው የሚያሳየው።