ከዚራ ቤት ለተከራየ፦ ምን ከየት ይገዛል፣ ለየትኛው ሥራ ማን ይጠራል

ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ ከዚራ ቤት የያዘ ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ አትክልት ከየት፣ ቬንትሌተር ከየት፣ ደህና የቧንቧ ሠራተኛ ማን። አጭሩ መልሴ፦ ከዚራ ኑር፣ መጋላ ግዛ፤ መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር ነው። ረጅሙን ከታች አንብብ። (በድሬ ወግ «አንተ» እያልኩ ስለምቀጥል የሸገር ሰው እንዳትቀየመኝ።)

ነገሩን ያመጣው ባቡሩ ነው። በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ወጪው ስለከበደው ታች ሜዳው ላይ ቆመ፤ ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ከደቻቱ ወዲህ ቀጥ ያለ መንገድ አወጣ፣ ዛፍ ተከለ፣ በረንዳ ያለው ቤት ሠራ። አገሩ ቅኝ አልተገዛም፤ ሰፈሩ ግን የተቀየሰው ቅኝ ገዢዎች ሰፈር በሚቀይሱበት ልክ ነው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ወዲህ፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዓረቡ ወዲያ ማዶ። ገበያውም ከሰዉ ጋር ማዶ ቀረ። የከዚራ ሱቆች ዛሬም ለድንገተኛ ነገር ናቸው፦ ሳሙና፣ ውሃ፣ የስልክ ካርድ። የሳምንት አስቤዛ ከነሱ የሚገዛ ሰው የጥላውን ዋጋ ጭምር ነው የሚከፍለው።

ለአትክልትና ፍራፍሬ ቀፊራ ገበያን የሚያህል የለም። ድንቹና ካሮቱ ከሐሮማያ በኩል ይወርዳል፣ ለውዙ ከባቢሌ ይመጣል፣ ማንጎና ፓፓያ በወቅቱ ይትረፈረፋል። በጠዋት ሂድ። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ቅጠላ ቅጠሉን ይጨርሰዋል፤ ጎመን ጠውልጎ ውሃ ተርከፍክፎበት ካየህ እለፈው። የግመል ወተትም በጠዋት ነው፤ የሶማሌ እናቶች ይዘውት ይመጣሉ። የጭስ ሽታ ካለው አትደንግጥ፣ ዕቃው ስለሚታጠን ነው። ለሆድህ አዲስ ከሆነ ግን በትንሹ ጀምር፤ እኔ የምመክረው አፍልቶ መጠጣቱን ነው፣ የድሬ ልጆች ቢስቁም። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ግን የትም አትሂድ። ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ፤ ሱቁ ክፍት ቢሆን እንኳ ባለሱቁ ከአንተ ጋር ዋጋ ለመከራከር ልብ የለውም።

አሸዋና ታይዋን የሚባሉት ገበያዎች ለልብስ፣ ለአንሶላ፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ናቸው። ታይዋን ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ከደህና ሱቅ ይረክሳል፤ ዋስትና ግን አትጠብቅ። ዕቃውን እዚያው ሰክተህ፣ አስነስተህ፣ ድምፁን ሰምተህ ግዛ። ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚያክል ነገር ከሆነ ግን ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ትንሽ ቢወደድም። አንድ ቀን ጓዝህን ጭነህ ስትመለስ መንገድ ላይ ጉምሩክ አለ፤ ያለ ደረሰኝ ዕቃው ያንተ መሆኑን የምታስረዳው በምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፦ ውሃው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ካልሲየሙም ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያህ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል፣ በአሮጌዎቹ ቤቶች ያለው የብረት ቧንቧ ደግሞ ውስጡ እየጠበበ ሄዶ እንደ እስክሪብቶ ቀፎ ይሆናል። ስለዚህ «ውሃው ግፊት የለውም» ብለህ ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት ቧንቧውን አስፈትሽ። የቧንቧ ሠራተኛ ስትመርጥ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የብረቱን መስመር ይጠግናል ወይስ ፒፒአር በሚባለው ፕላስቲክ ይቀይራል? «እጠግነዋለሁ» የሚለው በዋጋ ይረክሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ይጠራል። ቅያሬውን ምረጥ፤ ወጪውንም ከአከራይህ ጋር ሥራው ሳይጀመር ተነጋገር፣ ካለቀ በኋላ ማንም አይሰማህም። ሠራተኛውን ከግንባታ ዕቃ መሸጫዎች ደጅ ማግኘት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ጎረቤት ቤት የሠራውን ነው የማስጠራው። ቢያበላሽም የሠራበት ቤት በር ላይ ይገኛል፣ አብሽር።

ለማንቆርቆሪያው ባለሙያ አያስፈልግም፤ ሎሚ ጨምቀህ ወይም አቼቶ ጨምረህ አፍላው፣ አሳድረህ እጠበው። የሻወሩን ራስም ፈትተህ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው። ቦይለር የሚሸጥልህ ካለ አመስግነህ እለፍ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ ቀትር ላይ የሚወርደው ውሃ ራሱ ያቃጥላል፤ ቦይለሩን ደግሞ ካልሲየሙ በቶሎ ይበላዋል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል መግዛትህ አይቀርም። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋውን ግዛ፣ ክፍት በርሜል በነፃም አትቀበል። በ2006 ደንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ የሚባሉት የትኩሳት ወረርሽኞች ከተማዋን ያንበረከኩት ቤት ባጠራቀምነው ውሃ በምትራባ ትንኝ ነው፤ በ2014ቱ የወባ ወረርሽኝ ስሟ የተነሣው አዲሷ የወባ ትንኝም በርሜልና ገንዳ ትወዳለች። የደንጊዋ ትንኝ ቀን ስለምትናከስ አጎበር ብቻውን አይበቃም። በርሜሉን በሳምንት አንዴ ሙሉ በሙሉ ገልብጠህ ግድግዳውን በብሩሽ እሸው፤ እንቁላሏን የምትለጥፈው እዚያ ነው።

የከዚራ አሮጌ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ለዚህ ቤት የጣሪያ ቬንትሌተር ከኤሲ ይሻላል፤ ያንን ሁሉ አየር በኤሲ ላቀዝቅዝ ብትል ደሞዝህ ከመብራት ቆጣሪው ጋር ይሮጣል። ዘንጉ ረዘም ያለውን ፈልግ፣ አለበለዚያ ንፋሱ እላይ ይቀራል። ግድግዳው ተላልጦ ግንበኛ ስትጠራ ደግሞ በኖራ የሚሠራ እንደሆነ ጠይቅ። በአሮጌ የኖራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ተመልሶ ይፈነቀላል፣ የድሮውንም ይዞ ይወርዳል። በኖራ የሚሠሩት ጥቂትና በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ካገኘህ ወረፋ ጠብቅ እንጂ በሌላ አትለውጥ።

ልብስ ለማሰፋት መጋላ። ጨርቁን ራስህ መርጠህ ውሰድለት፤ ለቤት ሽርጥ፣ ለሴቶች ደግሞ ድሪያ የሚባለው ስስ ሰፊ ቀሚስ ከጂንስ በላይ ይጠቅማል።

ለመሻገር ባጃጅ አለ፤ ዕቃ ከሌለህ ኮንትራት አትያዝ፣ በሰው ሂሳብ ተሳፈር። ወንዙ ደረቅ ነው ብለህ በአሸዋው አቋርጠህ መሄድ ግን አትልመድ፣ በተለይ በክረምት። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይመጣል፤ ሐምሌ 1998 ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ቀፊራን ለነገ አድርገው።

ቁርስን በተመለከተ ክርክሩ አያልቅም። ከዚራ ካፌ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ መጠጣት ደስ ይላል፣ ዛፉም አለ። ፈጢራ ከፈለግህ ግን መጋላ ነው፤ እንቁላሉ ውስጡ ገብቶ፣ ማር ፈስሶበት፣ ከቅመም ሻይ ጋር። ከዚራ ያለው ጥሩ ነው የሚል የድሬ ልጅ ካለ አድራሻውን ይጻፍልን አቦ፣ እኔም ድልድይ መሻገር ይቀርልኛል።