«ጉርጥ በጉድጓድ» የሚባል የእንግሊዝ ምግብ አለን? ለነገ ምሳ ታዝዣለሁ

ጠያቂ፦ የሊድሷ
ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከምረዳቸው አንዱ ዛሬ «ነገ ለምሳ ቶድ ኢን ዘ ሆል ሥሪልኝ» አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ መዝገበ ቃላት ስመለከት «ቶድ» ጉርጥ፣ «ሆል» ጉድጓድ ሆኖ አገኘሁት። ፈረንሳዮች የእንቁራሪት እግር ይበላሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ እነዚህም ናቸው? ደውዬ እንዳልጠይቃቸው እሺ ማለቴ አሳፈረኝ። ምንድን ነው? ከገበያስ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ዮርክሻየር የከረመ
እህቴ፣ አይዞሽ። ዶሮ ማነቂያ የሚኖር ሰው ሁሉ ዶሮ ሲያንቅ ይውላል እንዴ? ጉርጥም እንቁራሪትም የለበትም። ቋሊማ ነው፤ በቀጭን ሊጥ ውስጥ ተቀምጦ ኦቨን ውስጥ ይጋገራል። ሊጡ ሲነፋ ቋሊማዎቹን ግማሽ ድረስ ይውጣቸውና ጫፋቸው ብቻ ብቅ ይላል። ጉርጥ ከጉድጓዱ አንገቱን ያወጣ ይመስላል ለማለት ነው ይባላል።

ሊጡ እነርሱ «ዮርክሻየር ፑዲንግ» የሚሉት ነው። ፑዲንግ ብዙ ጊዜ ለጣፋጭ የሚሰጥ ስም ነው ብለሽ ስኳር እንዳትጨምሪበት! ሊድስ ያለችው ዮርክሻየር ውስጥ ስለሆነ የአንቺ ሰዎች የዚያው ተወላጆች ናቸው፤ በዚህ አይቀልዱም።

ስሙ የቆየ ነው፤ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይነገራል። ያኔ በቋሊማ ፋንታ የተገኘውን ሥጋ ነበር የሚከቱበት። እ.ኤ.አ. በ1747 የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያሳተመችው ሐና ግላስ «እርግብ በጉድጓድ» የሚል ምግብ አላት። እዚያ ውስጥ ያለው እርግብ ግን እውነተኛ እርግብ ነው።

መልስ፦ ከሜሪላንድ
ይቅርታ፣ እኔ የማውቀው ሌላ ነው። እዚህ አሜሪካ በዚሁ ስም የቀረበልኝ ቁርስ መሐሉ በክብ የተቆረጠ ዳቦ ነበር፤ ቀዳዳው ውስጥ እንቁላል ተሰብሮ መጥበሻ ላይ ይጠበሳል። ቋሊማ አላየሁበትም።

መልስ፦ ዮርክሻየር የከረመ
ወንድሜ፣ አልተሳሳትክም፤ አሜሪካ ውስጥ አንዳንዶች ለዚያ ቁርስ ይህንኑ ስም ይሰጡታል። ነገር ግን ሊድስ ላይ እንቁላል በዳቦ ይዛ ብትቀርብ አዛውንቱ ቁርሴን በልቻለሁ ነው የሚሏት።

መልስ፦ የወጥ ቤት ሰው
ስለ ስሙ ከተግባባችሁ አሠራሩን ልንገራት። እንቁላል፣ ወተትና የፉርኖ ዱቄት በአንድ ኩባያ እኩል እኩል ስፈሪ፤ ጨው ጨምረሽ ጓል እስኪጠፋ ምቺውና ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ። ቋሊማውን ዘይት ባለበት ፓትራ ኦቨን ውስጥ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ያህል አቁላዪ። ከዚያ ዘይቱ በደንብ እንደጋለ ሊጡን በፍጥነት አፍስሺበትና መልሺው፤ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ዘይቱ ካልጋለ አይነፋም፤ ቂጣ ይሆንብሻል። ኦቨኑንም በየደቂቃው እየከፈትሽ አትመልከቺ፤ የሁሉም ጀማሪ ስሕተት ይኸው ነው። ሲቀርብ ሽንኩርት የበዛበት ግሬቪ ይፈስስበታል፤ ግሬቪ ወፈር ያለ የሥጋ መረቅ ነው። ሰውየው ለመዋጥ የሚቸገሩ ከሆነ ግን አስቀድመሽ የእንክብካቤ መዝገባቸውን ተመልከቺ።

መልስ፦ የበርሚንግሃሟ
አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር ዝም ብሎ «ሶሴጅ»፣ ማለትም ቋሊማ፣ ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። አንቺም የምትቀምሺ ከሆነ የበሬ ወይም የዶሮ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጊ፤ እኔ ከሐላል ሥጋ ቤት ነው የምገዛው። የዚህ አገር የምግብ ስም እያሳሳቀ ያሳስታል። «ዌልሽ ራቢት» ብለው ጥንቸል የለበትም፤ ዳቦ ላይ የቀለጠ አይብ ነው። ይህን አይቼ ሁሉም ቀልድ መሰለኝና «ፒግስ ኢን ብላንኬትስ» ስባል፣ ማለትም ብርድ ልብስ የለበሱ አሳማዎች፣ ዝም ብዬ ላነሣ ነበር። እርሱ ግን የአሳማ ቋሊማ በአሳማ ሥጋ የተጠቀለለ ነው! «ብላክ ፑዲንግ»ም የአሳማ ደም አለበት።

ጠያቂ፦ የሊድሷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሲበላ «ቶድስ» ልበል?

መልስ፦ ዮርክሻየር የከረመ
አይባልም። የምግቡ ስም ስለሆነ አይበዛም፤ ለአሥር ሰውም ብትሠሪ ቶድ ኢን ዘ ሆል ነው። ሱቅ ስትገቢም ቋሊማ ጠይቂ እንጂ ጉርጥ አትጠይቂ።

ጠያቂ፦ የሊድሷ
ሠርቼ መጣሁ። ኦቨን ውስጥ እንደ ተራራ ነፍቶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ሳደርሰው ተኛብኝ። እርሳቸው እንደዚያ ነው ወጉ ብለው ጨርሰው በሉ። ጉርጥ መስሎኝ እንደነበረ ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። ረቡዕ ስለሆነ እኔ አልቀመስኩም። አሁን ደግሞ ለዓርብ «በብል ኤንድ ስኩዊክ» አዝዘውኛል። ይህስ ምን እንስሳ ነው?

መልስ፦ የወጥ ቤት ሰው
ከእሑድ ምሳ የተረፈ ድንችና ጎመን አብሮ ተደፍጥጦ የሚጠበስ ነው። ስሙ መጥበሻው ላይ ሲንተከተክና ሲንጫጫ ከሚያሰማው ድምፅ የመጣ ነው። ድንቹ ቅቤና ወተት ካልገባበት የአንቺን ድርሻ በዘይት ጥበሺው፤ ዓርብም ቢሆን ትበዪዋለሽ።