በውርስ ያገኘሁትን አሮጌ አኮርዲዮን ከመሸጤ በፊት ዋጋውን እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ፦
ከአባቴ የወረስኩትን አኮርዲዮን ለመሸጥ አስቤአለሁ፤ ሆኖም መጫወት ስለማልችል ምንነቱን ሳላውቅ በርካሽ እንዳልሰጠው ሰግቻለሁ። ፊቱ ላይ «ሆነር» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ በቀኝ በኩል እንደ ፒያኖ ያሉ 41 ቁልፎች፣ በግራ ደግሞ 120 የቤዝ ቁልፎች አሉት። አንድ ገዢ የፋብሪካውን ስም ብቻ ሰምቶ ዋጋ ሰጥቶኛል። ልቀበለው?

መልስ፦
ለጊዜው ባይቀበሉት ይሻላል። ሆነር እ.ኤ.አ. በ1857 በጀርመን ትሮሲንገን ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለጀማሪ ከሚሆኑት አንሥቶ እንደ ሞሪኖና ጎላ እስካሉት እጅግ ተፈላጊ ሞዴሎች ድረስ በዚሁ ስም ሠርቷል። የቁልፎቹ ብዛትም ሙሉ መጠን ያለው መሆኑን እንጂ ደረጃውን አይነግርዎትም። የሞዴሉን ስምና መለያ ቁጥሩን ፈልገው ይመዝግቡ፤ የድምፁን ዓይነት የሚለውጡትን መቀያየሪያዎችም ይቁጠሩ።

ሌላ መልስ፦
ሞዴሉ ቢታወቅም ዋጋውን የሚቆርጠው ውስጡ ነው። የወናፉን (በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለውን ተጣጣፊ የአየር ክፍል) ማሰሪያ ይፍቱና ምንም ቁልፍ ሳይጫኑ የቀኙን ጎን አጥብቀው ይዘው የግራው በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ይተዉት፤ ቶሎ ከተዘረጋ አየር ያፈስሳል ማለት ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁልፍ ወናፉ ሲከፈትም ሲዘጋም ይሞክሩ፤ ለሁለቱ አቅጣጫዎች አየር እያርገበገባቸው የሚሰሙት ምላሶች የተለያዩ ናቸውና። እነዚህ ቀጫጭን የብረት ምላሶች የተሰኩባቸው ሳህኖች በአብዛኛው በሰም የተጣበቁ ስለሆኑ፣ ሰሙ በዘመን ብዛት ደርቆ ሲሰነጠቅ ይላቀቃሉ። በአንድ ቁልፍ አራት ድምፅ የሚሰጥ ባለ 41 ቁልፍ መሣሪያ በቀኙ በኩል ብቻ 328 ምላሶች (በየቁልፉ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አራት) ስላሉት፣ ሁሉን አውጥቶ መልሶ መቃኘት ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እባክዎ ምላሶቹን ዘይት አያስነኩ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ወናፉ ቀስ ብሎ ነው የወረደው፤ ሁለት ቁልፎች ግን ሲዘጋ ድምፅ አይሰጡም። አስጠግኜ ልሽጠው?

መልስ፦
ሁለት ቁልፍ ብቻ ከሆነ ቀላል ጉድለት ሊሆን ስለሚችል፣ አኮርዲዮን የሚጠግን ባለሙያ ከፍቶ ሰሙንና በምላሶቹ ሳህኖች ላይ ያሉትን ትንንሽ የቆዳ ክዳኖች እንዲያይልዎት ያድርጉ፤ ወጪው ከተነገረዎት በኋላ ይወስኑ። ዋጋውን ሲያነጻጽሩ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን ተመሳሳይ ሞዴል በእርግጥ የተሸጠበትን ይመልከቱ። ጉድለቱንም ለገዢው አስቀድመው ይንገሩ፤ የሚጫወት ሰው በመጀመሪያው ሙከራ ይደርስበታል።