የፕላኔት ካሜራ ግዥ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን የጋራ ሐሳብ ለማርቀቅ የተደረገ ውይይት

የቴሌስኮፕ ክፍል አስተባባሪ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ የሁላችንም እንዲሆን መነሻ ረቂቅ አቅርቤያለሁ። እንደምታውቁት ቴሌስኮፓችን 203 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2,032 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሽሚት ካሴግሬን (በመስታወትና በሌንስ የሚሠራ ዓይነት) ነው። ፕላኔት የሚነሣው በአንድ ረጅም ፎቶ ሳይሆን በቪዲዮ ነው፤ አየሩ ምስሉን እያንቀጠቀጠ ስለሚያደበዝዘው በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ፍሬሞች (የቪዲዮው ነጠላ ምስሎች) ይቀረጹና አየሩ ለቅጽበት የረጋባቸው ብቻ አውቶስታከርት በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ተመርጠው ይደራረባሉ። ስለዚህ ከካሜራው የምንፈልገው ፍጥነት ነው እንጂ ለኔቡላ (በሕዋ ላለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ የሚያስፈልገውን ማቀዝቀዣ አይደለም። ረቂቁ የሶኒን አይኤምኤክስ 462 ሴንሰር (ብርሃንን ወደ ምስል የሚቀይር ቺፕ) የያዘ ባለ ቀለም ካሜራ እንዲገዛ ይጠይቃል። የካቲት 2019 ዓ.ም. ጁፒተርና ማርስ በአሥር ቀን ልዩነት ውስጥ ለእይታ ወደሚመቹበት ቦታ ስለሚደርሱ ግዥው ከዚያ በፊት ማለቅ ይኖርበታል።

ገንዘብ ያዥ፦

አንድ አባላችን ጥሩ የፎቶ ካሜራ አላቸው፤ ሊያውሱንም ፈቃደኛ ናቸው። ጉባኤው «ያለውን ለምን አትጠቀሙም?» ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር መልሱ በሐሳቡ ውስጥ መጻፍ አለበት።

የቴሌስኮፕ ክፍል አስተባባሪ፦

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጁፒተር በቴሌስኮፓችን ትኩረት ላይ የምትሠራው ምስል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የፎቶ ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ የሰፊ ሴንሰሩን ምስል አሳንሶና አጭቆ ስለሚያስቀምጠው ያቺ ነጥብ የምትይዘው ዝርዝር እዚያው ይጠፋል። የፕላኔት ካሜራ ግን ከሴንሰሩ 640 በ480 ፒክስል ብቻ ቆርጦ ሳያጭቅ በሴከንድ ከመቶ በላይ ፍሬም ያወርዳል። ለጨረቃ ከሆነ የአባላችን ካሜራ እጅግ ያገለግለናል፤ ውሰቱንም በምስጋና እንቀበላለን።

የሕዝብ ምልከታ ምሽቶች ኃላፊ፦

በ462 ምርጫ አልስማማም። ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ተሰልፈው ሲጠብቁ ሳተርንን ከትንሿ የውሰት ካሜራ ሴንሰር ላይ ለማስገባት ሃያ ደቂቃ ያህል ስታገል፣ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ብቻ እያዩ ወደ ቤታቸው የሄዱ ልጆች ነበሩ። የ462 ሴንሰር 5.6 በ3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይኤምኤክስ 585 ግን 11.2 በ6.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ የፒክስሉ መጠን ያው 2.9 ማይክሮን ነው። ሰፊውን ከፍተን ፕላኔቷን እንይዛለን፣ ከዚያ ወደ ትንሿ ቁራጭ እንገባለን፤ በዝርዝር በኩል የምናጣው ነገር የለም። ዋጋው ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፣ ሆኖም ለእኔ ልዩነቱ ያ ወረፋ ነው።

የኮምፒውተር ክፍል፦

ካሜራው የትኛውም ቢሆን ያለን ላፕቶፕ ይቸግራል። ባለ 8 ቢት 640 በ480 ምስል በሴከንድ 150 ፍሬም ሲቀረጽ 46 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ደቂቃ ማለት 5.5 ጊጋባይት ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ እየሞላ ሲሄድ ፍሬም መጣል ይጀምራል። ኤስኤስዲ (ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) በዚሁ ሐሳብ ውስጥ እንዲካተት እጠይቃለሁ፤ ያለ እርሱ የካሜራውን ፍጥነት ገዝተን አንጠቀምበትም።

ገንዘብ ያዥ፦

ሁለቱም ከተጨመሩ የሚቀነስ ነገር ማግኘት አለብን። በረቂቁ የተዘረዘረው አዲስ ባርሎው ሌንስ (ምስል የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ) የግድ ነው?

የቴሌስኮፕ ክፍል አስተባባሪ፦

አይደለም፤ ስህተቱም የእኔ ነው። በልማድ የሚሠራበት መለኪያ የቴሌስኮፑ የትኩረት ሬሾ (የትኩረት ርቀቱ ለስፋቱ ሲካፈል) በማይክሮን የተለካውን የፒክስሉን መጠን አምስት እጥፍ ያህል ይሁን ይላል፤ 2.9 በ5 ሲባዛ 14.5 ነው። የእኛ ሬሾ 10 ሲሆን፣ ያለን ሁለት እጥፍ ባርሎው ወደ 20 ስለሚያደርሰው ከልክ በላይ ነው ብዬ ነበር ሌላ የጻፍኩት። ትናንት ማታ ፈትቼ ሳየው የሌንሱ ራስ ከቱቦው ተነቅሎ በካሜራ አፍንጫ ላይ በቀጥታ ይጠመዘዛል። ሌንሱ ወደ ሴንሰሩ ሲቀርብ ማጉያው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይወርዳልና 15 አካባቢ እናገኛለን። በዚህ ልክ ጁፒተር ወደ 230 ፒክስል፣ ማርስ 70 ፒክስል ገደማ ትሆናለች። የማርስ ትንሽ ነው፤ የየካቲቱ ቅርበቷ ከደካማዎቹ አንዱ ስለሆነ ጉባኤውን በማርስ ባናጓጓው ይሻላል።

በስዊድን የሚኖሩ አባል፦

እኛ ዘንድ ፕላኔቶች ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ አየሩ ቀለማቸውን ይበትነዋል፤ ያለ ብተና ማስተካከያ (የተበተነውን ቀለም መልሶ የሚያገጣጥም መሣሪያ) ጥሩ ምስል ማግኘት ይከብዳል። እናንተም ብታስቡበት።

የቴሌስኮፕ ክፍል አስተባባሪ፦

ስለ ምክሩ እናመሰግናለን። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የየካቲቷ ጁፒተር ከ80 ዲግሪ በላይ ወጥታ አናታችን ላይ ማለት ይቻላል፤ ብተናው ኢምንት ነው። የእኛ ችግር እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ቴሌስኮፑ ወደ አናት ሲቆም ከጀርባው የተንጠለጠለው ካሜራ የሹካ ቅርጽ ያለውን ማቆሚያ ወለል ሊነካ ይችላል፤ ማስተካከያ ቢጨመር ደግሞ ይረዝማል።

ስለዚህ የተሻሻለው የሐሳቡ ቃል ይህ ነው፦ «ማኅበሩ የአይኤምኤክስ 585 ሴንሰር ያለው፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ባለ ቀለም ካሜራ፣ አንድ አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ መከልከያ ፊልተር እንዲሁም አንድ ውጫዊ ኤስኤስዲ እንዲገዛ፤ አዲስ ባርሎው ከዝርዝሩ እንዲወጣ፣ የብተና ማስተካከያም እንዳይጨመር።»

የሕዝብ ምልከታ ምሽቶች ኃላፊ፦

እስማማለሁ። ቅዳሜ ቴሌስኮፑን ወደ አናት አቁሜ ከጀርባው እስከ ማቆሚያው ወለል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እለካለሁ፤ ካሜራው ከባርሎው የሌንስ ራስ ጋር የማይገባ ከሆነ ቃሉ ከመፈረሙ በፊት አሳውቃለሁ።